የተረገጠ ሥዕል፦ የሹሳኩ ኤንዶን «ዝምታ» ከደንቀዝ ትዝታ ጋር ማንበብ

ይህን ሐተታ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የእሑድ ክርክር ነው። በምኖርበት ከተማ ያለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ማኅበር የራሱን ሕንፃ ከመግዛቱ በፊት ለብዙ ዓመታት ያስቀድስ የነበረው ከአንድ የካቶሊክ ደብር በተከራየው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ደብሩን የሚያገለግሉት ካህናት ኢየሱሳውያን ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ በሚቀመስበት ሰዓት፥ ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ዝምታ» የተባለው ፊልም ወሬ ተነሣ። በአገር ቤት መምህር የነበሩ አንድ አዛውንት፥ «ካህን ሆኖ የጌታውን ሥዕል በእግሩ ረገጠ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ይሁዳ ነው» አሉ። ከአጠገባቸው የተቀመጠች የሆስፒታል ነርስ፥ «አባባ፥ ጉድጓድ ውስጥ ተዘቅዝቀው የሚያቃስቱት ሰዎች የእርስዎ ልጆች ቢሆኑስ?» ብላ መለሰችላቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የቅዱስ ኢግናጥዮስ ሥዕል አመለከቱና፥ «ደግሞስ እነዚህ አይደሉም ወይ ወንድምን ከወንድሙ ደም ያቃቡ? ዛሬ እኛ እናልቅስላቸው?» አሉ። ቡናው ደረሰና ክርክሩ በዚያው በረደ።

እኔ ግን ወደ ቤቴ ተመልሼ፥ ከዓመታት በፊት አንብቤ ያስቀመጥሁትን መጽሐፍ እንደገና አነሣሁ። ፊልሙ የተቀዳው ጃፓናዊው ደራሲ ሹሳኩ ኤንዶ በ1966 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ በእጄ ያለው አየርላንዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዊልያም ጆንስተን በ1969 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ነው። (ካልገለጽሁ በቀር ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው ንባብ ያስተማረኝን ባጭሩ ልናገር። አዛውንቱም ነርሷም ዓይናቸውን የጣሉት በካህኑ ላይ ነው። ደራሲውም ራሱ በአብዛኛው ያደረገው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሳያውቀው፥ ወይም ግማሹን ብቻ አውቆ፥ ከካህኑ የሚበልጥ ሰው በውስጡ ይዟል። ይህን ሰው ለማየት ደግሞ የእኛ የኢትዮጵያውያን ትዝታ፥ መራራም ቢሆን፥ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል።

ኤንዶ በ1923 በቶኪዮ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ጋር ወደ ማንቹሪያ ሄደ፤ ወላጆቹ ሲለያዩ ከእናቱ ጋር ወደ ጃፓን ተመለሰ። እናቱ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ሆና እሱንም በልጅነቱ አስጠመቀችው። ከጦርነቱ በኋላ፥ በ1950፥ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይ ካቶሊካውያን ደራስያንን ሥራ ለማጥናት ሄደ፤ በሳንባ ሕመም ምክንያት በ1953 ተመለሰ። ኋላም ሕመሙ አገርሽቶበት ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ውስጥ አልፏል። ስለ እምነቱ ሲናገር፥ እናቱ ያለበሰችውና ከሰውነቱ ጋር አልገጥም ያለው የፈረንጅ ልብስ እያለ ይመስለው ነበር፤ ልብሱን አውልቆ መጣል አልሆነለትም፥ በልኩ እያጠበበና እያሰፋ ሲሰፋው ዕድሜውን ፈጀ። እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 1996፥ የጻፋቸው ሥራዎች ሁሉ የዚህ ስፌት ውጤት ናቸው ማለት ይቻላል። በባዕድ ከተማ ልጆቹን በማያውቁት ቋንቋ የሚያስቀድስ ኢትዮጵያዊ አባት ይህን ምሳሌ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ታሪኩ ምን እንደ ነበር ለማስታወስ ያህል፦ ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 በካጎሺማ ወደብ ከወረደ በኋላ ክርስትና በጃፓን በፍጥነት ተስፋፋ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ የክርስቲያኖቹ ቁጥር 300,000 ያህል እንደ ነበር ይገመታል። ገዥዎቹ ግን ከመስቀሉ በስተጀርባ የፖርቱጋልና የስፓኝ መርከቦች እንደ ተሰለፉ አድርገው ማየት ጀመሩ። በ1597 ሃያ ስድስት ክርስቲያኖች በናጋሳኪ ተሰቀሉ፤ በ1614 ሃይማኖቱ በአዋጅ ተከለከለ፤ በ1637 እና 1638 የሺማባራ ገበሬዎች ያነሡት ዐመፅ በደም ከተደመሰሰ በኋላ አገሪቱ በሯን ዘጋች። ክርስቲያኖችን ለይቶ ለማወቅ ሁለት ዘዴዎች ተፈለሰፉ። አንደኛው «ፉሚዬ» የሚባለው፥ የጌታ ወይም የእመቤታችን ምስል የተቀረጸበት፥ ሕዝብ በተራ እየቀረበ በእግሩ እንዲረግጠው የሚታዘዝበት ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ሰውን ጠፍሮ ቁልቁል በጉድጓድ ውስጥ ማንጠልጠል ነው፤ ቶሎ እንዳይሞት ከጆሮው አጠገብ ተበጥቶ ደሙ ጠብ ጠብ እንዲል ይደረግ ነበር። በ1633 በጃፓን የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ የነበረው ክሪስቶቫው ፌሬይራ በዚህ ጉድጓድ አምስት ሰዓት ከቆየ በኋላ ሃይማኖቱን ካደ። የጃፓን ስም ተሰጠው፥ ሚስት አገባ፥ የቀድሞ ወንድሞቹን በሚመረምሩት ዘንድ አስተርጓሚ ሆነ። በ1650 ሞተ።

ልብ ወለዱ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሮድሪጌዝና ጋርፔ የተባሉ ሁለት ወጣት ካህናት የመምህራቸውን የፌሬይራን ክህደት ማመን አቅቷቸው በ1638 ከሊዝበን ይነሣሉ፤ ከማካዎ ኪቺጂሮ የሚባል ሰካራም ጃፓናዊ መርቷቸው በስውር ወደ ጃፓን ይገባሉ። ቶሞጊ በሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር በተራራ ላይ በከሰል ጎጆ ተደብቀው ሌሊት ሌሊት ምሥጢራትን ይፈጽማሉ። መንደሩ ይያዛል፤ ሞኪቺና ኢቺዞ የተባሉት ገበሬዎች ባሕር ዳር በተተከለ እንጨት ላይ ታስረው ማዕበሉ እየመጣ እየሸሸ ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። ጋርፔ በሰሌን ተጠቅልለው ወደ ባሕር የሚጣሉትን ምእመናን ሊያድን ሲዋኝ ይሰጥማል። ሮድሪጌዝን ኪቺጂሮ አሳልፎ ይሰጠዋል። በመጨረሻም በእስር ቤቱ ጨለማ ውስጥ የዘበኛ ማንኮራፋት መስሎት የሳቀበት ድምፅ፥ በጉድጓድ የተዘቀዘቁ የገበሬዎች ማቃሰት መሆኑን ፌሬይራ ይነግረዋል። እነርሱ እንደሆነ አስቀድመው ክደዋል፤ የሚሰቃዩት ካህኑ እስኪክድ ድረስ ነው። ሮድሪጌዝ ወደ ሥዕሉ ይቀርባል፤ የሥዕሉ ፊት እንዲረግጠው ሲነግረው ይሰማል፤ ይረግጣል፤ ዶሮ ይጮኻል።

ስለ ማንኮራፋቱ ጥቂት ማለት ይገባል፤ የደራሲውን ችሎታ የሚያሳየው ይህ ነውና። እስከዚያ ድረስ ሮድሪጌዝ የራሱን ሕማማት ከጌታ ሕማማት ጋር እያስተያየ ይኖራል፤ ሲያዝ፥ በበቅሎ ተጭኖ በሕዝብ መካከል ሲነዳ፥ ሲሰደብ፥ ሁሉንም በወንጌል ቃል ይተረጕመዋል። የኪቺጂሮን ሚና ለይሁዳ ሰጥቶታል፤ ለራሱ የያዘውን ሚና መናገር አያስፈልግም። በዚያች ሌሊት ግን፥ ጌቴሴማኒ ውስጥ ያለሁ እኔ ነኝ ብሎ ያሰበው ሰው፥ ነቅቶ እያለ የተኛ ሆኖ ይገኛል። ሌሎች ሲሰቃዩ እሱ በንዴት ይስቅ ነበር። የካህናትን ትምክሕት በዚህ ዓይነት፥ ያለ ስድብ፥ በአንድ ድምፅ ብቻ የፈታ ደራሲ ብዙ አላውቅም። የመጽሐፉ አሠራርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ መጀመሪያ ሮድሪጌዝ በራሱ እጅ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከተያዘ በኋላ ደራሲው ብዕሩን ከእጁ ወስዶ «እሱ» እያለ ይተርክለታል፤ በመጨረሻም ታሪኩ ወደ ነጋዴዎች ማስታወሻና ወደ ዘበኞች መዝገብ ይወርዳል። የሰውዬው ድምፅ ደረጃ በደረጃ ይነጠቃል። የመጽሐፉ ስም የእግዚአብሔርን ዝምታ የሚመለከት መሆኑን ሁሉም ይናገራል፤ የካህኑም ዝምታ መሆኑን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።

ስኮርሴዚ ይህን አልደፈረም። በፊልሙ መጨረሻ የሮድሪጌዝ ሬሳ በቡድሃ ሥርዓት ሲቃጠል፥ በመዳፉ ውስጥ ሞኪቺ የቀረጸለት ትንሽ መስቀል እንደ ተደበቀች ያሳየናል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። ሥዕሉ ያምራል፤ አዳራሹ ውስጥ ካሉት ብዙዎች እንባቸውን የጠረጉት በዚያ ላይ መሆኑን ነግረውኛል። ይሁንና ኤንዶ ሆን ብሎ የነፈገንን ማረጋገጫ ፊልሙ ሰጠን፤ ተመልካቹ «ለካስ በልቡ ያምን ነበር» ብሎ ተጽናንቶ ይወጣል። ወደ መዝገቡ ኋላ እመለሳለሁ፤ መስቀሏ የጠፋችው እዚያ ነውና፥ በምትኩ የተገኘውም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። ፌሬይራ ለቀድሞ ደቀ መዝሙሩ የሚነግረው፥ ጃፓን ረግረግ ናት፥ የተተከለባት ችግኝ ሥሩ ይበሰብሳል፥ ሕዝቡ ያመለከው የእኛን አምላክ መስሎን ነበር እንጂ በራሱ መልክ የለወጠውን ሌላ ነገር ነው፥ የሚል ነው። መርማሪው ኢኖዌም ይህንኑ በፈገግታ ይደግመዋል። ኤንዶ ይህን ክርክር በካጅና በአሳዳጅ አፍ ማኖሩን ልብ ማለት ያሻል፤ ሆኖም ክርክሩን የሚመልስለት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሮድሪጌዝ የሰማዕታቱን ሞት ይጠቅሳል፤ ከዚያ በላይ መልስ የለውም። ልብሱ አልገጥም ያለው ደራሲ የፌሬይራን ቃል በከፊል ያምንበታል ብል አልሳሳትም። የእኔ ተቃውሞ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ተቃውሞውንም ያገኘሁት ከአዛውንቱ ጣት ነው።

ጣታቸው ወዳመለከተበት እንሂድ። ፌሬይራ በናጋሳኪ ጉድጓድ ውስጥ በተዘቀዘቀበት በ1633፥ ዐፄ ፋሲለደስ የዚያኑ ማኅበር ካህናት ከቤተ መንግሥቱ አስወጥቶ ወደ ፍሬሞና ሰደዳቸው፤ በማግሥቱ ዓመት ከአገር ወጡ። አንድ ማኅበር፥ አንድ ዘመን፥ ሁለት መንግሥታት። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። በጃፓን ኢየሱሳውያን የታደኑ ነበሩ። በደንቀዝ ከዙፋኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በ1603 አገራችን የገባው ፔድሮ ፓኤዝ፥ በጃፓን እንደ ነበረው እንደ አሌሳንድሮ ቫሊኛኖ፥ የአገሩን ቋንቋና ወግ ተምሮ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ነበር፤ በ1622 ሞተ። በዚያው ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተለየ ሰው ነበር። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ ማሉ፤ ካህናት እንደገና እንዲካኑ፥ ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ቅዳሴው እንዲታረም፥ ጾሙና በዓሉ በሮማ ሥርዓት እንዲሆን ታዘዘ። ሜንዴዝ በፌሬይራ ቋንቋ ቢናገር ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። እነሆ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆመ ዛፍ ፊቱ ነበር፤ ቅጠሉ የሮማን ዛፍ ስላልመሰለለት ከሥሩ መንቀል ፈለገ። ፌሬይራ ችግኙ አልበቀለም ብሎ ተስፋ ቆረጠ፥ ሜንዴዝ የበቀለውን ችግኝ አይደለም አለ። ሁለቱም ዛፍን በቅጠሉ መልክ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ውጤቱን እናውቃለን። በ1632 በወይና ደጋ ጦርነት በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት በአዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለችው ወለተ ጴጥሮስ ናት። የንጉሡ ባለሟል ሚስት ሳለች ባሏን ትታ መነኰሰች፥ ለአዲሱ ሥርዓት አልገዛም አለች፥ በችሎት ፊት ቆመች፥ ወደ ሞቃቱ ቆላ ወደ ዠበይ ተጋዘች። በ1672 የተጻፈው ገድሏ በእኛ በኩል የ«ዝምታ» አቻ ነው፤ ልዩነቱ፥ እዚያ ውስጥ እንዲረገጥ የሚታዘዘው የእኛ ነው፥ የማዘዙን ሥልጣን የያዙት ደግሞ ሮድሪጌዝ በትሕትና የሚያስታውሳቸው ወንድሞቹ ናቸው። አዛውንቱ በግድግዳው ሥዕል ላይ የተቈጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቍጣቸውም መሠረት አለው።

መሠረት አለው ስል ግን ሙሉ ነው ማለቴ አይደለም። በ1638 በጎንደር ሁለት የካፑቺን መነኰሳት፥ አጋታንጆና ካስያኖ፥ ተሰቀሉ፤ በዚያው ዘመን ከኢየሱሳውያን ወገን ተደብቀው የቀሩትም ተገደሉ። በ1855 አባ ገብረ ሚካኤል የተባሉት የጎጃም ሊቅ፥ ካቶሊክ በመሆናቸው ብቻ፥ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲጎተቱ ሞቱ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ ጠራቻቸው። ስለ እኚህ አባት በእኛ ማኅበራት መጽሔቶች ምን ያህል እንደ ተጻፈ አንባቢ ራሱ ይመስክር። እንግዲህ እኛ «ዝምታ»ን የምናነበው በሁለቱም ወገን ቆመን ነው፦ ሥዕሉን እንድንረግጥ ታዘናል፥ ሥዕሉንም አቅርበናል። ነርሷ እንባዋን የምትሰጠው ለሮድሪጌዝ ነው፥ አዛውንቱ የሚነሡትም እሱን ነው። እኔ ሁለቱንም ትቼ፥ በሁለቱም አገር ሳይጠየቅ ያለቀውን ገበሬ ማየት መርጫለሁ።

ገበሬውን ስናይ ኪቺጂሮ ላይ እንደርሳለን። ይህ ሰው ቤተ ሰቡ በእሳት ሲቃጠሉ እሱ ክዶ ያመለጠ፥ ከዚያም ደጋግሞ የሚክድ፥ ደጋግሞም ንስሐ ካልተቀበልሁ እያለ ካህኑን በዝናብ የሚከተል፥ የሚሸት፥ የሚያስጸይፍ ሰው ነው። አንባቢ ሁሉ ይሁዳን ያይበታል። ታሪክ የሚነግረን ግን ኪቺጂሮ በጃፓን ክርስቲያኖች ዘንድ ልዩ ሰው አለመሆኑን ነው፤ እሱ አብዛኛው ሰው ነው። በናጋሳኪና በአካባቢው ሥዕል የመርገጡ ሥርዓት ዓመታዊ ግዴታ ሆኖ እስከ 1850ዎቹ ቆይቷል። የተሸሸጉት ክርስቲያኖች ዓመት በዓመት እየሄዱ ረገጡ። ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሰው፥ በር ዘግተው፥ የጸጸት ጸሎት ያደርሱ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተዘጋጀችና ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳች የኖረች ስለ ጸጸት የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ ነበረቻቸው፤ «ኮንቺሪሳን» የሚለው የፖርቱጋል ቃል በእነርሱ አፍ ለዚሁ የተለወጠ ነው። ትምህርቱም፥ ካህን በሌለበት፥ እግዚአብሔርን ከመውደድ የተነሣ ፍጹም የተጸጸተ ሰው ኃጢአቱ ይሰረይለታል፥ የሚል ነው። ይህ ከካቶሊክ ትምህርት ያፈነገጠ ነገር አይደለም፤ የትሬንት ጉባኤ ራሱ የሚያውቀው ነው። መጽሐፏን ያዘጋጁት ካህናት፥ ካህን የማይገኝበት ቀን እንደሚመጣ አስቀድመው የተረዱ ይመስላል።

የልብ ወለዱ ጉድለት እዚህ ላይ ይታየኛል። ኤንዶ መርገጡን አንድ ጊዜ፥ በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ካህን ኅሊና ውስጥ የሚፈጸም ታላቅ ተውኔት አደረገው። ለገበሬው ግን መርገጥ እንደ ግብር ነበር። የእሱ ጥያቄ «ልርገጥ ወይስ አልርገጥ?» ከሚለው ይልቅ «ረግጬ ስመለስ ምን ልበል?» የሚለው ነው። ኪቺጂሮ በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ብቸኛ ሰው ነው፤ ደካማ ሆኜ ተፈጠርሁ፥ እንደ እኔ ያለው ወዴት ይሂድ፥ የሚለው ጩኸቱ ከሮድሪጌዝ የሥነ መለኮት ጭንቀት ሁሉ ይበልጥብኛል። ደራሲውም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሮድሪጌዝ ከካደ በኋላ የመጨረሻውን ኑዛዜ የሚሰማው ከዚሁ ሰው ነው። ሥልጣነ ክህነቱ እንደ ተገፈፈ የሚያምን ካህን ንስሐ ለሚለምን ደጋጋሚ ከሐዲ ይቅር ይለዋል። ይህ ትዕይንት ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም። እኔ ደራሲው ብሆን መጽሐፉን ከዚያ እጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ደራሲው እኔ አይደለሁም፥ ለሥነ ጽሑፍም የተሻለው ይኸው ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከፈራጆቹ ወንበር ላለመቀመጤ አንድ ምክንያት አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ አንድ የሶሻሊስት አገር ለመማር ከሚወዳደሩት መካከል ነበርሁ። ለቃለ መጠይቁ በተጠራሁበት ዋዜማ ማታ የአንገቴን ማተብ በራሴ እጅ በጥሼ በኪሴ ከተትሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ በጉድጓድ የተዘቀዘቀም አልነበረም፤ ከፊቴ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ እንኳ አንገቴን ለማየት ቀና ማለቱን እጠራጠራለሁ። ዕድሉንም አላገኘሁም። እናቴ ባዶውን አንገት አየች፥ ምንም አላለችም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለትምህርት ከአገር ስወጣ በሻንጣዬ ውስጥ በነጠላ ቍራጭ የተጠቀለለ ጥቁር ክር አገኘሁ። የሮድሪጌዝን ትግል የሚያህል ትግል አልታገልሁም፤ የኪቺጂሮን ግን አውቀዋለሁ። ከእኔ ትውልድና ከእኔ በፊት ካለው ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ በስብሰባ እጁን ያወጣ፥ ወዳጁን «አላውቀውም» ያለ፥ ጽሑፉን ያቃጠለ ሁሉ። በስደት ያለነው ምሁራን ስለ ጀግኖቻችን ብዙ ጽፈናል። ስለ ዋዜማዎቻችን ያልጻፍነው ይበዛል።

አሁን ለፌሬይራ ረግረግ መልሱ ምን እንደ ሆነ መናገር ይቻላል። በ1865፥ መጋቢት 17 ቀን፥ በናጋሳኪ በኦውራ ለውጭ አገር ሰዎች በተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን፥ ጥቂት የኡራካሚ መንደር ገበሬዎች ገብተው ፈረንሳዊውን ካህን በርናር ፐቲዣንን ቀረቡት። አንዲት ሴት በሹክሹክታ የእኛም ልብ እንደ እናንተው ነው ብላ የእመቤታችን ምስል የት እንደሚገኝ ጠየቀችው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ካህን፥ ያለ ቍርባን፥ ያለ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በጥምቀትና በጸሎት ብቻ የቆዩ ነበሩ። ጸሎቶቹ ከላቲንና ከፖርቱጋል ቋንቋ ተጣምመው ትርጕማቸው ለራሳቸው የጠፋ ነበር፤ የእመቤታችን ምስል በቡድሃ እምነት ከምትከበረው ከካኖን ምስል ጋር ተመሳስሎ ነበር። ፌሬይራ ይህን ቢያይ «አላልኋችሁም?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ልጆቹን በቤቱ ግዕዝ ሳያውቅ «አቡነ ዘበሰማያት» ያስጠና ሰው፥ የቃል መጣመም የእምነት መጥፋት አለመሆኑን ያውቃል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ጃፓን «ዘመናዊ» ለመሆን በተነሣችበት በዚያው ወራት፥ ከ1867 ጀምሮ፥ ከ3,000 የሚበልጡ የኡራካሚ ክርስቲያኖች ተይዘው በየአውራጃው ተጋዙ፤ ብዙዎች በስደት ሞቱ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የተሸሸጉት ሁሉ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ከእነርሱ ገሚሶቹ፥ አባቶቻችን የሰጡን ይበቃናል ብለው እንደ ቀድሞው ለብቻቸው ቀሩ። ካህናቱ ጥምቀታቸውን መመርመራቸውና ሥርዓታቸውን ማረማቸው ለጥቂቶቹ እንደ ሌላ ባዕድ መምጣት ሆነባቸው። በደንቀዝ የሆነውን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ሲያነብ ይደነግጣል፤ ፐቲዣን ሜንዴዝ አልነበረም፥ ንጉሥም አልተከተለውም፥ ጥያቄው ግን ያው ጥያቄ ነው። እምነቱን ያለ እናንተ ጠብቀን ካቈየን፥ እናንተ የመጣችሁት ምን ልትሰጡን ነው?

ኤንዶ መጽሐፉን ያወጣው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በተዘጋ ማግሥት ነው። ጉባኤው ከ1962 እስከ 1965 ሲቀመጥ፥ ቅዳሴው በየሕዝቡ ቋንቋ እንዲሆን ፈቀደ፥ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሥርዓት አከበረ፥ ስለ ሌሎች እምነቶችም በአክብሮት ተናገረ። የልብሱ ጉዳይ ከሞላ ጎደል መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። የገበሬው ጥያቄ ግን አሁንም አለ። በአውሮጳና በአሜሪካ ደብሮች በካህን እጦት ይዘጋሉ፥ ይጣመራሉ፥ ይሸጣሉ፤ እኛም አንዳንዱን ገዝተናል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው ራሳቸው ኢየሱሳዊ የነበሩት ጳጳስ ፍራንሲስ በጥር 2014 ስለ ጥምቀት ሲያስተምሩ የጃፓንን ስውር ክርስቲያኖች ምሳሌ አድርገው የጠቀሱት፤ ካህናት በጠፉበት ዘመን ምእመናኑ እርስ በርሳቸው እየተጠማመቁ መኖራቸውን አመሰገኑ። በኅዳር 2019 ናጋሳኪን ራሳቸው ጐበኙ፤ በ2025 ዐረፉ። አንድ የሮማ ጳጳስ፥ ዓመት በዓመት ሥዕል ሲረግጡ የኖሩ ሰዎችን ለዓለም ምሳሌ ሲያደርግ፥ ይህ ከሜንዴዝ ምን ያህል እንደሚርቅ ለመለካት ታሪክ ጸሐፊ መሆን አያሻም። እኛ ግን ወለተ ጴጥሮስን በምናከብርበት ቀን አባ ገብረ ሚካኤልን ለመጥራት ድፍረቱ ገና አልመጣልንም።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢነሣ ሁለት ነገር አደራ እለዋለሁ። አንደኛው ስሙ ነው። «ጸጥታ» ማለት አይገባም፥ የፖሊስ ጠረን አለውና፤ «አርምሞ» ደግሞ የገዳም ነው፥ የተመረጠ ዝምታ ነው፤ «ዝምታ» ይበቃል። ሁለተኛው፥ ከልብ ወለዱ በኋላ የተጨመረውን የእስር ቤት ዘበኞች መዝገብ ቈርጦ እንዳይጥል። አንባቢ ይሰለቸዋል፥ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የዘበኛ ፈረቃ፥ የወጪ ሒሳብ፥ የታማሚ ስም ነው። ሮድሪጌዝ እዚያ የሞተ ጃፓናዊ ስም የያዘ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ክህደቱን እንደገና በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ሲታዘዝ ጽፏል። በመካከሉ ኪቺጂሮ የሚባል አገልጋዩ ሲፈተሽ፥ በአንገቱ ካንጠለጠላት የክታብ ከረጢት ውስጥ የቅዱሳን ምስል መገኘቱ ተመዝግቧል። ከማን እንዳገኘው ይጠየቃል፤ ካህኑ እንዳልሰጠው ይናገራል። ዘበኛው ይህን ጽፎ ወደ ሚቀጥለው ቀን ሒሳብ ያልፋል።